በጆሮ የገቡ ቃላት፦ የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ታሪክና የአማርኛ የባቡር ቃላት

ከጅቡቲ ከተማ ወደ አዲስ አበባ በባቡር መጓዝ የሚሻ ሰው ዛሬ በመጀመሪያ ከመሀል ከተማው መውጣት አለበት። የአምቡሊን አውሮፕላን ማረፊያ አልፎ በስተ ደቡብ ወደሚገኘው ወደ ነጋድ በመኪና ይሄዳል፤ ሰፊውና ባለ ከፍተኛ ጣሪያው አዲስ ጣቢያ የሚገኘው በዚያ፣ በደረቁ ሜዳ ላይ ነው። የቀድሞው ጣቢያ ግን ከተማው ውስጥ፣ ወደቡ አጠገብ፣ ገበያውም በእግር በሚደረስበት ርቀት ላይ ነበር። ይህ የቦታ ለውጥ ለመሐንዲስ የመሬትና የወጪ ጉዳይ ነው። ለቋንቋ አጥኚ ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሣል፤ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ሳይፈልጉም እንኳ የሚደማመጡበት ቦታ ከከተማ ሲወጣ፣ ቃላት ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው የሚሻገሩበት መንገድ ምን ይሆናል?

የአማርኛ የባቡር ቃላት በሁለት በር ገብተዋል፤ አንዱ በር ጆሮ ነው፣ ሌላው ወረቀት። የቀድሞው መሥመር በአብዛኛው የጆሮ በር ነበር። አዲሱ የወረቀት በር ሆኗል። ልዩነቱም በቃላቱ ድምፅና ቅርፅ ላይ ታትሞ ይገኛል።

ከተማውና መሥመሩ

ጅቡቲ ከባቡሩ በዕድሜ ብዙ አትበልጥም። ፈረንሳዮች በዚያ መስፈር የጀመሩት በ1888 ገደማ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1896 የቅኝ ግዛቱ መቀመጫ ከኦቦክ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ ሲዞር ከተማይቱ ገና ልጅ ነበረች፤ በዓመቱ፣ በ1897፣ የሐዲዱ ሥራ ከዚያው ከባሕሩ ዳር ተጀመረ። ዐፄ ምኒልክ ፈቃዱን ለስዊሳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ቀደም ብለው በ1894 ነው፤ ኢልግም ከፈረንሳዊው ሌዎን ሸፍኖ ጋር ሆኖ ኩባንያውን አቋቋመ። ስለዚህ ጣቢያው በከተማው ላይ የተጨመረ ሕንፃ አልነበረም። ወደቡ፣ ጣቢያውና ከተማው አብረው ያደጉ ሦስት መንትዮች ናቸው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ሐዲዱ በመጀመሪያ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር። የተራራው መውጫ እጅግ ውድ ሆኖ ስለ ተገኘ መሥመሩ ከሥር በሜዳው ሄደ፤ በ1902 መገባደጃም አዲስ ከተማ ወደ ተቆረቆረበት ስፍራ ደረሰ። ከተማው አዲስ ሐረር እንዲባል ተወስኖ ነበር። ስሙ በወረቀት ላይ ቀረ። መንገደኛውና ሠራተኛው ድሬ ዳዋ እንዳለ ቀጠለ፤ ዛሬ አዲስ ሐረር የሚለውን ስም የሚያውቀው ታሪክ ያነበበ ሰው ብቻ ነው። በዚህ መሥመር ላይ የተጻፈ ስም ከተሰማ ስም ጋር ሲታገል የመጀመሪያው ጊዜ ይህ ነው፤ ያሸነፈውም የተሰማው ነው።

የኩባንያው ገንዘብ አለቀ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በ1906 ስለ ኢትዮጵያ በተዋዋሉት ውል የባቡሩም ዕጣ ተነሣ፤ በ1908 የተቋቋመው አዲስ ኩባንያ ሥራውን ቀጥሎ ሐዲዱ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። የአዲስ አበባው ትልቅ የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው ግን በ1929 ነው። በሐዲዶቹ መካከል የነበረው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ሲሆን የመሥመሩ ርዝመት ወደ 780 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ከዚህም በጅቡቲ ምድር ያለው መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ በሆልሆል ድልድይ ላይ ያልፍና በአሊ ሳቢየህ በኩል ወደ ወሰኑ ይወጣል።

ባቡሩ በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ በማለዳ የተነሣ መንገደኛ የመጀመሪያውን ሌሊት ድሬ ዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። ለቋንቋ ታሪክ ይህ ዝግታ ትልቅ ነገር ነው። ሦስት ቀን በአንድ ፉርጎ ውስጥ የተቀመጡ ሶማሌ፣ አፋር፣ ኦሮሞ፣ አማራ፣ ሐረሪ፣ የመን ዐረብና ግሪክ ስለ ውኃው፣ ስለ ዕቃው፣ ስለ ቀረጡና ስለ መነሻው ሰዓት መነጋገራቸው አይቀርም። የሰዓቱ ነገር ብቻውን አስተርጓሚ ይጠይቃል። የኩባንያው ሰሌዳ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው፤ አማርኛ ተናጋሪው ደግሞ ቀኑን የሚቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው። በሰሌዳው ላይ 6 የተባለው ለእርሱ 12 ነው። ስለዚህ ሰሌዳውን ማንበብ የሚችል ሰው እንኳ ሌላውን ሰው ጠይቆ ማረጋገጥ ነበረበት፤ ጆሮ ከወረቀት ይልቅ ይታመን ነበር።

የጅቡቲ ጣቢያ በኢትዮጵያ የፖለቲካ ታሪክ ውስጥም ከባድ ቀን አይቷል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የኢጣሊያ ጦር ወደ አዲስ አበባ በተቃረበበት በግንቦት 1936 በዚሁ ባቡር ወርደው፣ ከጅቡቲ ኢንተርፕራይዝ በተባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ወደ ስደት ሄዱ። በዚያው በጅቡቲ የመሀል ከተማው አደባባይ በምኒልክ ስም ይጠራ ነበር፤ ኋላ የነፃነቱን ቀን፣ ሰኔ 27 ቀን 1977ን፣ ስሙ አድርጎ ወሰደ።

ከጦርነቱ በኋላ ያለው ታሪክ ባጭሩ ይነገራል። በ1959 በተፈረመው ውል የኩባንያው መቀመጫ ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ጅቡቲ ነፃ በወጣችበት በ1977 መሥመሩ በኦጋዴን ጦርነት ተቆረጠ፤ ሲጠገን፣ በ1981 የሁለቱ መንግሥታት የጋራ ድርጅት ሆነ። ከዚያም ሐዲዱ እያረጀ፣ መኪናው እየቀደመው ሄደ፤ ከ2000ዎቹ አጋማሽ በኋላ አገልግሎቱ በየክፍሉ እየተቋረጠ ጠፋ።

ባቡር፣ ለገሃር፣ ፉርጎ

የመሥመሩ ዋና ቃል ባቡር ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ብዙ የተጓዘውም እርሱ ነው። የቃሉ ምንጭ በኢጣልያንኛ ቫፖሬ፣ በፈረንሳይኛ ቫፐር የሚባለው፣ ትርጉሙም እንፋሎት የሆነ ቃል ነው። በቱርክኛና በዐረብኛ በኩል ሲያልፍ የእንፋሎት መርከብ ስም ሆነ። አማርኛ በምድር ላይ የሚሄደውን ሲሰይም ባቡር ብቻ ብሎ አልተወም፤ የምድር ባቡር አለ። ይህ ቅጽል ማስረጃ ነው። ሰው የሚለይበት ሌላ ነገር ከሌለው ‘የምድር’ አይልም፤ ስለዚህ ባቡር የሚለው ስም ከሐዲዱ በፊት የባሕሩን ወይም በጠቅላላው የሞተሩን ነገር ይጠራ ነበር ማለት ነው። ኋላ አውሮፕላን ሲመጣ የሰማይ ባቡር ተብሏል። በገጠር ደግሞ በሞተር የሚሠራው ወፍጮ እስከ ዛሬ ባቡር ይባላል፤ እህል ለማስፈጨት የምትሄድ ሴት ባቡር ቤት ሄድሁ ስትል ሐዲድ የሚባል ነገር በሐሳቧ የለም።

በጅቡቲ ጣቢያ መድረክ ላይ ይህ ቃል በአንድ ጊዜ ብዙ ትርጉም ነበረው። ለአማርኛ ተናጋሪው ባቡር በሐዲድ የሚሄደው ነው፤ በኦሮምኛም ባቡራ እንደዚሁ ነው። ለሶማሊኛ ተናጋሪው ግን ባቡር መኪና ነው፣ በተለይም የጭነቱ፤ በሐዲድ የሚሄደውን ታሪን ይለዋል። ለየመኑ ዐረብ ደግሞ እንደ አነጋገሩ መርከብም፣ ሞተርም፣ የጋዝ ምድጃም ሊሆን ይችላል። አንድ ድምፅ በአንድ ግቢ ውስጥ ይህን ያህል ነገር ሲጠራ፣ ተናጋሪዎቹ ቃሉን ከመዝገበ ቃላት እንዳልወሰዱት ግልጽ ነው። እያንዳንዱ ቋንቋ የሰማውን ድምፅ በዐይኑ ፊት በነበረው ሞተር ላይ ለጥፎታል።

ለገሃር የበለጠ ይናገራል። በፈረንሳይኛ ጋር ጣቢያ ነው፣ ላ ደግሞ የአንስታይ መስተአምር ነው። ጅቡቲ ውስጥ ይህ ተራ ስም ነው፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ግን መስተአምሩን እንዳዘለ የሰፈር ስም ሆነ፤ በድሬ ዳዋም ለገሃሬ የሚባል ሰፈር አለ። ቃሉን በጣቢያው ግንባር ላይ ከተጻፈ ሰሌዳ ያነበበ ሰው ላ የሚለውን ክፍል አያገኘውም ነበር፤ በሰሌዳ ላይ መስተአምር አይጻፍም። የሰማ ሰው ግን ሁልጊዜ ከነላው ይሰማዋል፤ ፈረንሳዩ ‘ወደ ጣቢያው’ ሲልም፣ ‘ከጣቢያው’ ሲልም ላ አትለየውም። ለዚህ ማስረጃ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል፤ አማርኛ ጋር የሚል የራሱ ቃል ስላለው (ከእርሱ ጋር እንደሚባለው) መምታታትን ለማስወገድ ላን ሆን ብሎ ይዞት ይሆናል። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ስለዚህ ለገሃር ብቻውን ነገሩን አይቆርጥም።

የአጻጻፉም ነገር ልብ ይባል። አዲስ አበባን በሚያዋስነው ምድር ለገዳዲና ለገጣፎ አሉ፤ ለገ በኦሮምኛ ወንዝ ነው። ላ ጋር በአማርኛ ለገሃር ተብሎ ሲጻፍ በእነዚህ ስሞች ተርታ ገባ፤ ከፈረንሳይ የመጣ መሆኑን የማያውቅ ሰው የወንዝ ስም ቢመስለው አይፈረድበትም። መካከል የገባችው ሃ ደግሞ ጸሓፊው የፈረንሳይኛውን ረዥም አናባቢ ለማሳየት ያደረገው ሙከራ ትመስላለች።

ነገሩን የሚያጠናክረው ፉርጎ ነው። ቃሉ በኢጣልያንኛ ፉርጎኔ፣ በፈረንሳይኛ ፉርጎን ነው፤ ከየትኛው መጣ? አማርኛ ከኢጣልያንኛ ሲዋስ መጨረሻውን አናባቢ ብዙ ጊዜ ይጠብቃል። ፌርማታ ይህን ያሳያል፤ ማካሮኒም የመጨረሻውን ኒ አልጣለም። ከኢጣልያንኛ ቢመጣ ኖሮ ፉርጎኔ ወይም ፉርጎኒ ይጠበቅ ነበር። በፈረንሳይኛ ግን በመጨረሻ የሚጻፈው ን አይነገርም፤ አናባቢውን በአፍንጫ በኩል ያሳልፈዋል እንጂ ራሱን ችሎ አይሰማም። በአፍንጫ የሚነገር አናባቢ የሌለው የአማርኛ ጆሮ ይህን ሲሰማ የሚቀረው ፉርጎ ነው። ከዚህ ጋር ሳሎንና ኩፖን ይነጻጸሩ፤ እነዚህም በፈረንሳይኛ በዚያው በአፍንጫ ድምፅ የሚያልቁ ናቸው፣ በአማርኛ ግን ንን ይዘዋል። ሳሎንና ኩፖን በጽሕፈት ወይም በሦስተኛ ቋንቋ በኩል የመጡ ናቸው፤ ፉርጎ ግን ጭነት ከሚጭነው ሰው አፍ ወደ ጭነት ተሸካሚው ጆሮ የገባ ነው። ትርጉሙም ይህንኑ ይደግፋል። በፈረንሳይኛ ፉርጎን የጓዝ ማኖሪያው ክፍል ስም ነው፤ አማርኛ ግን በሎኮሞቲቭ የሚጎተተውን ክፍል ሁሉ ፉርጎ ይለዋል፣ ዕቃ ከሚጭን ሰው እይታ ሁሉም አንድ ነውና።

ሌሎቹ ቃላት በየዘመናቸው የተነጠፉ ናቸው። ሐዲድ በዐረብኛ ብረት ማለት ነው። ጣቢያ ከዐረብኛና ከቱርክኛ የመጣ የምሽግ ስም ነው፤ ከምሽግነት ወደ ጥበቃ ሰፈርነት፣ ከዚያም ወደ ፖሊስ ጣቢያና ወደ ባቡር ጣቢያ ወርዷል። ጉምሩክም በዚያው በዐረብና በቱርክ በኩል የመጣ ነው። ሊትሪና ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በያዘችበት ዘመን የገባው የሞተር ባቡር ስም ሲሆን፣ የፋሺስቱን ዓርማ ሊቶሪዮን በሆዱ ይዞ ይኖራል፤ ቃሉን የሚጠቀሙ ሽማግሌዎች ስለ ዓርማው አያስቡም። ትኬት ከእንግሊዝኛ ነው። ይህን ሁሉ ስናይ አንድ ነገር ያስደንቃል፤ ፈረንሳይኛ ከሰባ ዓመት በላይ የመሥመሩ የቢሮ ቋንቋ ሆኖ ኖሮ በሰፊው አማርኛ ውስጥ የተወው ጥቂት ነው፤ የተወውም ከቢሮው ሳይሆን ከመድረኩና ከጭነቱ ስፍራ ነው። የሹማምንቱ ማዕረግ፣ የደብዳቤው ቃል፣ የደንቡ ቋንቋ ከወረቀቱ ጋር ቀርቷል።

ወደ ባሕሩ የወረደ ቃል

እስካሁን የተነገረው ከባሕር ወደ ደጋ ስለ ወጡ ቃላት ነው። ባቡሩ ግን ባዶውን አይመለስም ነበር። አትክልት፣ ጫት፣ እህልና ከብት ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ጨርቅ፣ ሩዝና የፋብሪካ ዕቃ ይወጣል። በዚህ ንግድ ውስጥ ብዙውን ጥቃቅን ሥራ የሠሩት ሴቶች ናቸው። በጅቡቲ ከተማ ዕቃ ከውጭ እያመጡ በትንሽ በትንሹ የሚሸጡት ሴቶች ቻርቻሪ ይባላሉ፤ ቃሉ በፈረንሳይኛ ሲጻፍ በሻ ስለሚነበብ ሻርሻሪ ተብሎም ይሰማል። አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቸርቻሪ ነው። ቅርፁና ትርጉሙ መግጠማቸው ብቻ በቂ አይደለም፤ የውሰትን አቅጣጫ የሚያሳየው ቃሉ ዘመድ ያለው የት እንደ ሆነ ነው። በአማርኛ ቸረቸረ፣ ችርቻሮ፣ ተቸረቸረ የሚል ሙሉ ቤተሰብ አለው። በጅቡቲ ግን ብቻውን ቆሞ ይኖራል። በዚህ ሚዛን ቃሉ ከደጋ ወደ ባሕር ወርዷል ብሎ መፍረድ ይቻላል።

በአጠገባቸው የሚቀመጡት ገንዘብ የሚመነዝሩት ሴቶች ሳሪፍሌይ ይባላሉ። ዐረብኛው ሰርፍ ምንዛሪ ነው፤ ሌይ ደግሞ ባለቤት መሆንን የሚያመለክት የሶማሊኛ የአንስታይ ቅጥያ ነው። ደላላ የሚለው ቃል በዐረብኛም፣ በሶማሊኛም፣ በአማርኛም ያለ ነው። ስለዚህ አንዲት ነጋዴ ዕቃዋን ከባቡር አውርዳ፣ ብሯን መንዝራ፣ ገዥ እስክታገኝ ድረስ የምትጠራቸው ሦስት የሥራ ስሞች ከሦስት ምንጭ ይቀዳሉ። ማንም ይህን አላቀደውም። እንዲህ ያለውን ጉባኤ የሚሠራው ጣቢያው ለገበያው መቅረቡ ነው።

ነጋድ

አዲሱ መሥመር በኢትዮጵያ በኩል በጥቅምት 2016፣ በጅቡቲ በኩል ደግሞ በጥር 2017 ነጋድ ላይ ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱን የጀመረው በጥር 2018 ነው። ርዝመቱ ከ750 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ የሐዲዱ ስፋት እንደ ዓለም አቀፉ መለኪያ ነው። የሠሩት ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፤ ባለቤቱ የኢትዮጵያና የጅቡቲ የጋራ ድርጅት ሲሆን ከአክሲዮኑ ሦስት አራተኛው የኢትዮጵያ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያንቀሳቀሱት ቻይናውያን ነበሩ፤ በ2024 ሥራውን ለድርጅቱ አስረክበዋል። የጭነቱ ሐዲድ ነጋድን አልፎ ወደ ዶራሌ ወደብ ይቀጥላል። የመንገደኛው ባቡር ግን ነጋድ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በአሊ ሳቢየህ፣ በድሬ ዳዋና በአዳማ በኩል አዲስ አበባ ዳር ላይ ወዳለው ወደ ለቡ ጣቢያ ይመጣል። ስለዚህ በሁለቱም ጫፍ ጣቢያው ከከተማው ውጭ ነው። ሦስት ቀን ይፈጅ የነበረው ጉዞ ከአንድ ቀን በታች ሆኗል፤ ይህ ለመንገደኛው ያለ ጥርጥር ትርፍ ነው።

ከቃላት አንጻር ግን አንድ ዝምታ ይታያል። ከቻይንኛ መጥቶ በአማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ አፍ ላይ የጸና የባቡር ቃል የለም። ፈረንሳዮቹና ኢጣሊያኖቹ እያንዳንዳቸው ጥቂት ቃላት ሲተዉ፣ ትልቁን መሥመር የሠሩት ቻይናውያን አንድም አልተዉም። ምክንያቱን በቋንቋዎቹ ርቀት ብቻ መፍታት አይበቃም፤ ቱርክኛና ዐረብኛም ከፈረንሳይኛ ጋር አይዛመዱም፣ ቫፐር ግን በእነርሱ በኩል አልፎ ባቡር ሆኗል። ይልቁንም ሥራው የተሠራው በታጠረ ሰፈር ውስጥ ነው፤ በቻይናውያንና በኢትዮጵያውያን ሠራተኞች መካከል እንግሊዝኛና አስተርጓሚ ገብተዋል፤ የስም ዝርዝሩም በትርጉም ተዘጋጅቷል። በትርጉም የመጣ ነገር ስሙን ከተርጓሚው ያገኛል። ተርጓሚው ደግሞ ጣቢያ፣ ሐዲድ፣ ትኬት የሚሉ የቆዩ ቃላት በእጁ አሉት፤ ሌላ የሚፈልግበት ምክንያት የለም።

ነጋድ የሚለው የቦታ ስም ራሱ ለአማርኛ ጆሮ ወጥመድ አለው። ነገደ፣ ንግድና ነጋዴ ለሚያውቅ ሰው የነጋዴዎች ስፍራ ማለት ይመስለዋል፤ ከጣቢያው ሥራ ጋርም ይገጥምለታል። ስሙ ግን ጣቢያው ሳይታሰብ በዚያ የኖረ የአገሩ ስም ነው፤ የድምፅ መግጠም ዝምድና አይደለም። ከዚህም ሌላ ነጋድ ለብዙ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ከንግድ ጋር የማይገናኝ ትርጉም አለው። በአካባቢው ያለው የፖሊስ ግቢ ያለ ወረቀት የተገኙ ሰዎች ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት የሚያዙበት ስፍራ ነው። ስለዚህ ነጋድ የሚለው ቃል አንዱ ሲሰማው የመነሻ ጣቢያ፣ ሌላው ሲሰማው የእስር ስፍራ ነው። ይህንን ትርጉም በማንኛውም የጉዞ ሰሌዳ ላይ አናገኘውም፤ በጆሮ የሚተላለፍ ነው፤ የቃላት ሰብሳቢ ነጋድን ሲመዘግብ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ከጻፈ የመዘገበው ግማሹን ነው።

የቀድሞው መሥመር ቃላት በሚሰበሰቡበት ጊዜ ሊጠየቁ የሚገባቸው ጡረተኛ ሠራተኞች፣ ጭነት ተሸካሚዎችና ነጋዴዎች ዕድሜያቸው ገፍቷል። ድሬ ዳዋና ጅቡቲ ከአዲስ አበባ ይልቅ ይቀድማሉ፤ በአዲስ አበባ የተረፈው በአብዛኛው የሰፈር ስም ነው። እርሱም ቢሆን መሥመር ቀይሯል። አዲስ አበባ በ2015 በቻይና ኩባንያ የተሠራ የቀላል ባቡር መሥመር ሲከፈት፣ በቀድሞው ጣቢያ አቅራቢያ ያለው መውረጃ የሰፈሩን ስም ወሰደ። ዛሬ ተሳፋሪው ለገሃር ጣቢያ ወራጅ አለ ይላል፤ ሲተረጎም፣ ጣቢያው ጣቢያ ማለት ነው።